የዓሣ ስንጥብ ክዳን፤ አጥንቱና እሾኹ የያዙት ትምህርት



«የዓሣ ግማቱ ከወደ አናቱ» የሚለው ተረት አማርኛ በሚነገርበት አገር ሁሉ የታወቀ ነው። ሆኖም ተረቱ ሲነገር ስለ ዓሣ የሚያስብ ሰው የለም፤ የሚታሰበው ሹሙ፣ አለቃው ወይም አባወራው ነው። የተረቱ ባለቤት የሆነው ዓሣ ግን ተረስቶ ቀርቷል። ይሁን እንጂ ይህን ተረት አስቀድሞ የተናገረው ሰው ዐይኑ ጥሩ ተመልካች ነበር። ዓሣ ከውሃ ወጥቶ በሞተ ጊዜ ፈጥነው ከሚበላሹት የአካል ክፍሎቹ አንዱ ስንጥቡ ነው፤ ስንጥብ ደም የሞላበትና ሽፋኑ እጅግ የሳሳ ክፍል ነውና። ብልህ ገዢም ዓሣ ሲገዛ አስቀድሞ የራሱን ጎን በጣቱ ገልጦ ያያል፤ ስንጥቡ ደማቅ ቀይ ከሆነ ይገዛል፤ ቀለሙ ጠፍቶ ከሸተተ ግን ትቶት ይሄዳል።

የዚህ ንግግር ጉዳይ ገዢው በጣቱ የሚገልጠው ያ ክዳን ነው። ክዳኑ የተሠራው ከአጥንት ሲሆን፣ በአንዳንዱ ዓሣ ላይ እሾህ ይወጣበታል። ነገሩ ለትልቅ ጉባኤ የማይመጥን ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ስለ እንስሳት አካል በትምህርት ቤት ከሚነገሩት ቃላት ብዙዎቹ በዚህ ትንሽ ክዳን ላይ በዐይን ሊታዩና በእጅ ሊዳሰሱ ይችላሉ። የአካል ክፍል ከሥራው ጋር ያለው ስምምነት፣ የፍጥረታት ዝምድና፣ የዕድገትና የዕድሜ ምልክት፣ ሁሉም በእርሱ ላይ ይገኛሉ። ይህም ሁሉ ሰው አጥቦ በሚጥለው የዓሣ ራስ ውስጥ ተቀምጧል።

ተማሪ «ዓሣ በምን ይተነፍሳል?» ተብሎ ሲጠየቅ «በስንጥቡ ይተነፍሳል» ብሎ ይመልሳል፤ መልሱም ትክክል ነው፤ ነጥብም ያገኝበታል። ነገር ግን ያው ተማሪ ዓሣ ተሰጥቶት «ስንጥቡን አሳይ» ቢባል፣ ጣቱን የሚያሳርፈው ብዙውን ጊዜ ከውጭ በሚታየው በክዳኑ ላይ ነው። ክዳኑ ስንጥብ አይደለም፤ የስንጥብ በር ነው። ቃሉን የያዘ ልጅ ነገሩን አልያዘም። የሳይንስ ትምህርት በቃል ጥናት ብቻ ሲሰጥ የሚደርሰው ጉዳት ይህ ነው፤ ተማሪው ያወቀ ይመስለዋል፤ መምህሩም ያስተማረ ይመስለዋል።

ክዳኑ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት አስቀድሞ ስለ ውሃ ማሰብ ይገባል። በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ አንድ ሊትር አየር 210 ሚሊሊትር ያህል ኦክሲጅን ይዟል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ግን ከአየር ጋር በሚገባ ቢገናኝም የሚይዘው ከ6 እስከ 7 ሚሊሊትር ያህል ብቻ ነው፤ ይኸውም 30 ጊዜ ያህል ያነሰ ማለት ነው። እንደ ጣና ሐይቅ ባለ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በሚገኝ ውሃ ደግሞ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ መጠኑ ከዚህም ያንሳል። ከዚህም በላይ ውሃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል የከበደ ነው። እንግዲህ ዓሣ የሚያስፈልገውን ጥቂት ኦክሲጅን ለማግኘት ብዙና ከባድ ውሃ ያለማቋረጥ በስንጥቡ ላይ ማሳለፍ አለበት። ሰው እንደሚያደርገው ወደ ውስጥ ስቦ በመጣበት መንገድ መልሶ ቢያስወጣው ድካሙ በበዛበት ነበር። ስለዚህ ውሃው በአንድ በር ይገባል፤ በሌላ በር ይወጣል። መግቢያው አፍ ነው፤ መውጫውም በክዳኑ ሥር ያለው ክፍተት ነው።

ሥራውም እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ አፉ ይከፈታል፤ የአፉም ወለል ወደ ታች ይወርዳል፤ ውሃ ይገባል። በዚህ ጊዜ የክዳኑ አጥንት ወደ ውጭ መለጠጥ ይጀምራል፤ በጠርዙ ዙሪያ ያለው ስስ ቆዳ ግን ከገላው ጋር ተጣብቆ ስለሚቆይ በኋላ በኩል ውሃ አይገባም። ከክዳኑ በታች ያለው ክፍል በመስፋቱ ውሃውን ከአፍ ወደ ስንጥቡ ይስበዋል። ቀጥሎ አፉ ይዘጋል፤ ወለሉም ከፍ ብሎ ውሃውን ይገፋዋል። በመጨረሻ ክዳኑ ወደ ውስጥ ሲመለስ የጠርዙ ቆዳ ይላቀቅና ውሃው ወደ ውጭ ይፈስሳል። ስለዚህ ዓሣ ሁለት ፓምፕ አለው ማለት ይቻላል፤ አንዱ አፉ ሆኖ ይገፋል፤ ሁለተኛው ክዳኑ ሆኖ ይስባል። ሂዩዝና ሼልተን የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጡት ጥናት በአፍና በክዳኑ ውስጥ ያለውን ግፊት ለክተው የሁለቱን ፓምፖች መተባበር አሳይተዋል፤ ሁለቱ እየተፈራረቁ ስለሚሠሩ ውሃው በስንጥቡ ላይ ሳይቋረጥ ይፈስሳል ለማለት ያህል ነው።

ክዳኑ ከውጭ ሲያዩት አንድ ሰሌዳ ይመስላል፤ ሥጋውና ቆዳው ሲነሣ ግን አራት አጥንት ሆኖ ይገኛል። የሊቃውንቱ ስያሜ «ኦፐርኩሉም» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም ክዳን ማለት ነው። ዋናውና ሰፊው አጥንት «ኦፐርክል» ይባላል፤ ከላይ በፊት ማእዘኑ እንደ በር ማጠፊያ ሆኖ ይንቀሳቀሳል። ከእርሱ በፊት፣ በጉንጩ በኩል፣ እንደ ማጭድ የታጠፈው «ፕሪኦፐርክል» ነው፤ ፊተኛው ክዳን ልንለው ይገባል። በዚህ አጥንት ውስጥ ዓሣው የውሃን እንቅስቃሴ የሚያውቅበት የስሜት ቦይ ያልፋል፤ ቀዳዳዎቹም በደረቀው አጥንት ላይ ይታያሉ። ከዋናው ሥር ያለው «ሰብኦፐርክል»፣ የታችኛው ክዳን ነው። በፊተኛው ሥር ተሸሽጎ የሚገኘው አራተኛው «ኢንተርኦፐርክል»፣ መካከለኛው ክዳን ይባላል። ከእነዚህም በታች ቆዳውን እንደ ጃንጥላ ዘንግ የሚወጥሩ ቀጫጭን አጥንቶች አሉ።

መካከለኛው አጥንት ትንሽ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ሥራው ግን አስደናቂ ነው። በፊቱ ጫፍ በጠንካራ ጅማት ከታችኛው መንጋጋ ጋር ተያይዟል። ከላይ ያለው ጡንቻ ዋናውን ክዳን ሲያነሣ፣ እንቅስቃሴው በታችኛው ክዳን በኩል ወደ መካከለኛው ያልፋል፤ መካከለኛውም ጅማቱን ወደ ኋላ ይስባል፤ በዚህ ጊዜ መንጋጋው ወደ ታች ይወርዳል፤ አፉም ይከፈታል። እንግዲህ ክዳኑ የመውጫ በር ብቻ ሳይሆን የመግቢያውን በር የሚከፍት ምሳርም ነው። ስለ ምሳር በሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሣለ የሚያስተምር የፊዚክስ መምህር፣ በአንድ የዓሣ ራስ ላይ ሕያው ምሳሌ ሊያገኝ ይችላል።

አሁን ወደ እሾኹ እንመለስ። በአባያና በጫሞ ሐይቆች እንዲሁም በባሮ ወንዝ የሚገኘው ናይል ፐርች የፊተኛው ክዳኑ ጠርዝ ጥርስ ያለው ሲሆን፣ በማእዘኑ ላይ ጠንካራ እሾህ አለው፤ በዋናው ክዳን ላይም ሌላ እሾህ ይገኝበታል። ዓሣው ሲያዝ ክዳኑን ወደ ውጭ ስለሚለጥጥ እሾኹ ይቆማል፤ እጁን ያላወቀበት ሰውም ይቆስላል። ይህን ዓሣ ለመዋጥ የሚመጣ ሌላ ዓሣም የሚገጥመው ያው መከላከያ ነው። ቆሮሶ ግን በክዳኑ ላይ እንዲህ ያለ እሾህ የለውም፤ መከላከያው በጀርባው ክንፍ ላይ ያሉት እሾኾች ናቸው። አምባዛ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። የአምባዛ ወገን የሆኑት ዓሦች የታችኛው ክዳን የተባለው አጥንት ጨርሶ የላቸውም፤ እሾኻቸውም በክዳኑ ላይ ሳይሆን በደረታቸው ክንፍ ላይ ነው። በተጨማሪም አምባዛ ከስንጥቡ በላይ እንደ ዛፍ የተቀረጠፈ የአየር መተንፈሻ አካል ስላለው፣ ውሃው በጎደለ ጊዜ ሌላው ዓሣ ሲያልቅ እርሱ ይቆያል። ሦስቱን ራሶች ጎን ለጎን አስቀምጦ የተመለከተ ተማሪ፣ «መመደብ» የሚለውን ቃል ዳግመኛ አይረሳውም።

የክዳን እሾህ ለመመደብ ምን ያህል እንደሚጠቅም ቀይ ባሕር ጥሩ ምሳሌ ይሰጣል። በዚያ ባሕር ኮራል መካከል የሚኖሩት መልአክ ዓሣና ቢራቢሮ ዓሣ የሚባሉት ሁለት ወገኖች በቅርጻቸው ጠፍጣፋነትና በቀለማቸው ውበት ይመሳሰላሉ፤ ለረዥም ዘመንም እንደ አንድ ቤተ ሰብ ይቆጠሩ ነበር። ነገር ግን መልአክ ዓሣ በፊተኛው ክዳኑ ማእዘን ላይ ረዥም እሾህ አለው፤ ቢራቢሮ ዓሣ የለውም። የቀይ ባሕርን ዓሦች ከመረመሩት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ፔተር ፎርስኮል ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1763 በየመን ሞተ፤ ጽሑፉን ባልንጀራው ኒቡር በ1775 አሳተመለት። ከሁለቱም ወገን የሆኑ የቀይ ባሕር ዓሦች ዛሬም በዚያ መጽሐፍ በተሰጣቸው ስም ይጠራሉ። ቀለም ከሞት በኋላ ይጠፋል፤ አጥንት ግን ይቆያል፤ ስለዚህ መዳቢው ከቀለም ይልቅ አጥንትን ያምናል።

የዚህ ክዳን አጥንት በሳይንስ ታሪክ ውስጥም ትልቅ ክርክር አስነሥቷል። ዤፍሯ ሳንት ኢሌር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1798 ከናፖሊዮን ጦር ጋር ወደ ግብፅ ሄዶ የዓባይን ዓሦች መርምሮ ነበር። አከርካሪ ያላቸው እንስሳት ሁሉ በአንድ ንድፍ የተሠሩ ናቸው ብሎ ያምን ስለ ነበር፣ ዓሣ ብቻ ያለው አካል ሊኖር አይገባም አለ። በ1818 ባሳተመው መጽሐፍም የዓሣን የክዳን አጥንቶች በሰውና በአጥቢ እንስሳት ጆሮ ውስጥ ካሉት ጥቃቅን አጥንቶች ጋር አንድ ናቸው ሲል ጻፈ። ባልንጀራው የነበረው ሊቁ ኩቪየ ግን አልተቀበለውም። በ1830 ሁለቱ በፓሪስ አካዳሚ ፊት ስለ ፍጥረታት ንድፍ በግልጽ ተከራከሩ።

በኋላ የመጣው ምርመራ የዤፍሯን መልስ ሐሰት አድርጎታል፤ ጥያቄውን ግን አክብሮታል። ጀርመናዊው ራይኸርት በ1837 የፅንስን ዕድገት ተከታትሎ፣ ከጆሮ ጥቃቅን አጥንቶች ሁለቱ በሌሎቹ እንስሳት የመንጋጋ መገጣጠሚያ ከሆኑት አጥንቶች ጋር እንደሚዛመዱ አሳየ። ሦስተኛው፣ እርካብ የሚመስለው አጥንት፣ የሚዛመደው ሃዮማንዲቡላ ከሚባለው የዓሣ አጥንት ጋር ነው። ይህም ሃዮማንዲቡላ ዋናው ክዳን የሚንጠለጠልበት አጥንት ነው። ዤፍሯ እንግዲህ በሩን ሲያይ መቃኑን አለፈው። እጅግ ቀርቦ ነበር፤ ነገር ግን መቅረብ ማግኘት አይደለም፤ የሚያረጋግጠው ምርመራ ነው። ይህን ታሪክ የሰማ ተማሪ ሊቃውንትም እንደሚሳሳቱ፣ ስሕተታቸውም የሚታረመው በጩኸትና በሥልጣን ሳይሆን ነገሩን መልሶ በማየት እንደ ሆነ ይማራል።

«ታዲያ የክዳኑ አጥንቶች ራሳቸው ወዴት ሄዱ?» ብሎ የሚጠይቅ ብልህ ተማሪ አይጠፋም። መልሱ ጠፉ ነው። በ2004 በካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ በኤልዝሚር ደሴት የተገኘውና በ2006 ለዓለም የተገለጠው ቲክታሊክ የተባለ ቅሪተ አካል ዕድሜው 375 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ቅርፊትና ክንፍ ያለው ዓሣ ሆኖ ሳለ፣ የክዳን አጥንቶቹ ጠፍተዋል፤ ራሱን ከትከሻው ጋር የሚያያይዙት አጥንቶችም እንዲሁ። ሌላው ዓሣ ወደ ጎን ለማየት መላ ገላውን ማዞር ሲኖርበት፣ ይህኛው ራሱን ብቻ ማዞር ይችል ነበር። በዚህ ዐይነት የክዳኑ መጥፋት አንገት ከሚባለው ነገር መጀመር ጋር ተያይዟል። ሻርክም የአጥንት ክዳን የለውም፤ በእርሱ ዘንድ ግን ከ5 እስከ 7 የሚደርሱ የስንጥብ መሰንጠቂያዎች በየጎኑ በግልጥ ይታያሉ።

ከዝምድና ሌላ ክዳኑ ዕድሜንም ይመዘግባል። የዓሣ አጥንት በሙቀት ወራት ፈጥኖ፣ በብርድ ወራት ዘግይቶ በሚያድግበት አገር፣ ዋናው ክዳን ላይ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ያለ ምልክት ይቀራል። ለ ክሬን የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ በ1947 ባሳተመው ሥራ የዊንደርሚር ሐይቅን ፐርች ዕድሜና ዕድገት ከዚህ አጥንት አንብቧል። በኢትዮጵያ ሐይቆች ግን የውሃው ሙቀት በየወራቱ እንደዚያ አይለዋወጥም፤ ምልክት ቢገኝ በዝናብና በድርቅ ወራት መፈራረቅ ወይም በመራቢያ ጊዜ ምክንያት የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ቀለበት አንድ ዓመት ነው ከማለት በፊት መፈተን ያስፈልጋል። የሌላ አገር መጽሐፍ የሚለውን ሳይመረምሩ ወደዚህ ሐይቅ ማዛወር እንደማይገባ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

መምህራን ብዙ ጊዜ «ቤተ ሙከራ የለም፤ መሣሪያ የለም» ይላሉ፤ ችግሩም እውነት ነው። ለዚህ ትምህርት ግን የሚያስፈልገው የዓሣ ራስ፣ ሙቅ ውሃ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ክርና ካርቶን ብቻ ነው። በጾም ወራት የዓሣ ገበያ ስለሚደምቅ ራሱን ከሻጭ ወይም ከምግብ ቤት ማግኘት አያስቸግርም። ራሱ በሙቅ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል፤ እጅግ ከፈላ አጥንቱ ይበታተናል። ሥጋው ሲላላ አራቱ አጥንቶች አንድ በአንድ ይነሣሉ፤ በብሩሽና በሳሙና ይታጠባሉ፤ በጥላ ይደርቃሉ፤ በቦታቸው ተደርድረው በካርቶን ላይ በክር ይታሰራሉ፤ ስማቸውም ይጻፋል። እሾህ ያለው ዓሣ ከሆነ መምህሩ አስቀድሞ ያስጠንቅቅ፤ ሥራው ሲያልቅም ሁሉም እጁን ይታጠብ። እንዲህ የተዘጋጀ ሰሌዳ በደረቅ ስፍራ ከተቀመጠ ለብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ከሐይቅ ርቆ በደጋ ላለ ትምህርት ቤትም ሊላክ ይችላል።

ሕያው ዓሣ የሚገኝበት ትምህርት ቤት ደግሞ ቀላል ሙከራ ማድረግ ይችላል። ትንሽ ዓሣ ውሃ ባለበት ሰፊ ብርጭቆ ውስጥ ይደረግና ክዳኑ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚከፈት ሦስት ጊዜ ተቆጥሮ አማካዩ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ውሃው በፀሐይ አጠገብ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ሞቅ እንዲል ተደርጎ እንደገና ይቆጠራል። ቊጥሩ ከፍ ሲል ተማሪዎቹ ምክንያቱን ራሳቸው ይፈልጉ፤ ሙቅ ውሃ የሚይዘው ኦክሲጅን ያነሰ ነው፤ የዓሣውም ፍላጎት በሙቀት ይጨምራል። ሥራው እንዳለቀ ዓሣው ወደ ውሃው ይመለሳል። ለሕያው ፍጥረት መጠንቀቅም የትምህርቱ ክፍል ነውና።

የትምህርት ሹማምንትም በዚህ ነገር የሚጠበቅባቸው ድርሻ አለ። ፈተናው «የስንጥብን ሥራ ጻፍ» ብቻ ብሎ ከጠየቀ፣ መምህሩ ዓሣ ይዞ ወደ ክፍል የሚገባበት ምክንያት አይኖረውም፤ በቃል ያስጠና መምህር ይመሰገናል፤ በእጅ ያሳየ መምህር ጊዜ አባካኝ ይባላል። ፈተናው ግን ሁለት የክዳን አጥንቶች ሥሎ «የትኛው የናይል ፐርች ነው? በምን ዐወቅህ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ያን ጊዜ ተማሪው ማየት ግድ ይሆንበታል። በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤትም እያንዳንዱ ሠልጣኝ ከመመረቁ በፊት አንድ የዓሣ ራስ በገዛ እጁ አዘጋጅቶ ይዞት እንዲሄድ ቢደረግ፣ ወደሚመደብበት ትምህርት ቤት ባዶ እጁን አይገባም።

ማስተማር መግለጥ ነው። ገበያ የወጣች እናት የዓሣውን ክዳን በጣቷ ገልጣ እውነቱን ካላየች ገንዘቧን አትከፍልም። ተማሪም ገልጦ ሳያይ ቃልን ብቻ እንዲቀበል መደረግ የለበትም። የሚገለጠው ነገር በቅርብ አለ፤ ዋጋውም ትንሽ ነው፤ የሚቀረው የመምህሩ ፈቃድና የአለቃው ድጋፍ ነው።